ቀብዱን ከመክፈላችን በፊት

ምረቃ ሊደርስ ነው። በየዓመቱ በዚህ ወራት በግቢያችን ውስጥ ሁለት ፈተናዎች አብረው ይመጣሉ። አንደኛው መምህራን የሚያወጡት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የምረቃው ግብዣ የት ይደረግ የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ሌሊቱን እያነጋን እንዘጋጃለን። ለሁለተኛው የተዘጋጀንበት ዓመት ግን ያለ አይመስለንም። ስለዚህ ዘንድሮ የበዓል ኮሚቴው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት፣ አባሎችም መዋጮ ከማውጣታቸው በፊት፣ ጥቂት ነገር መናገር ግዴታችን ሆኖ አገኘነው።

አንዳንድ አንባቢ «ስለ አዳራሽ ኪራይ ርእሰ አንቀጽ ይጻፋልን? ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ የላችሁምን?» ይለን ይሆናል። የሚበልጥ ጉዳይስ አለን። ዳሩ ግን ሰው ስለ እኩልነት በመድረክ ላይ የሚናገረውን ከልቡ የሚያምንበት መሆኑ የሚታወቀው፣ ድግስ በደገሰ ጊዜ ማንን እንደ ጠራና ማንን ከበር እንዳስቀረ ሲታይ ነው። ደግሞም የምናወጣው ገንዘብ የራሳችን ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ከክፍለ ሀገር ቤተሰብ የሚላክ፣ ከእህትና ከወንድም አፍ የተቀነሰ ገንዘብ ነው።

በመጀመሪያ ባለፈው ዓመት የደረሰብንን እናስታውስ። ኮሚቴው ከከተማው የግብዣ አዳራሾች አንዱን መረጠ። ከእኛም መካከል ሁለታችን የኮሚቴው አባሎች ስለ ነበርን ጥፋቱን በሌላ ላይ ለማላከክ አንፈልግም። ባለ አዳራሹ በፈገግታ ተቀበለን፤ ቡና ጋበዘን፤ ቀኑንም በደብተሩ ላይ ጻፈልን። እኛም ከተማሪው የተሰበሰበውን ብር ቀብድ ብለን ቆጥረን ሰጠነው። ደረሰኝ አልጠየቅንም፤ ውል አልተፈራረምንም፤ ምስክር እንኳ ይዘን አልሄድንም። ዩኒቨርሲቲ ድረስ የዘለቅን ሰዎች፣ አንዲት እናት ከጉልት ሽንኩርት ስትገዛ የምታደርገውን ያህል ጥንቃቄ አላደረግንም።

ቀኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልክ ተደወለና አዳራሹ ለሠርግ ተይዟል ተባልን። ሠርገኞቹ የበለጠ ከፍለው ኖሯል። ቀብዳችን ተመለሰልን፤ እኛም «ገንዘባችንስ ተረፈ» ብለን አመስግነን ወጣን። ከዚያ በኋላ በጥድፊያ የተገኘው አዳራሽ በአራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አሳንሰሩም አይሠራም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ጓደኛችን በአራት ሰዎች እጅ ተይዞ ወደ ላይ ወጣ። በምረቃው ቀን እንደ ዕቃ ተሸክመን አወጣነው፤ እንደ ዕቃም ተሸክመን አወረድነው። ፎቶግራፉ ላይ ሲስቅ ይታያል። ከዚያ በኋላ ግን «ሁለተኛ እንዲህ ባለ ቦታ አትጥሩኝ» ብሎናል።

አመስግነን መውጣታችንም አለማወቅ ነበር። ቀብድ ምን እንደ ሆነ የአገራችን ሕግ ከተናገረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883፣ ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ መሆኑን ይገልጻል። በቁጥር 1884፣ ውሉ በተፈጸመ ጊዜ ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከሒሳቡ ላይ ይታሰባል ይላል። በቁጥር 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መመለስ አለበት። እንግዲህ ያ ባለ አዳራሽ የሠርገኞቹን ብር በተቀበለ ጊዜ ለእኛ እጥፉን መክፈል ይገባው ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ሕጉን አላወቅንም፤ ብናውቅስ ኖሮ ለማስረጃ የምናቀርበው ብጣሽ ወረቀት እንኳ በእጃችን አልነበረም። የሕግ ተማሪዎች የሆኑ ጓደኞቻችን እነዚህን ቁጥሮች ለፈተና በቃላቸው ይዘዋቸው ነበር። ከኮሚቴው አንድ ሰው እንኳ ሄዶ አልጠየቃቸውም። ትምህርት ለፈተና ብቻ ሲሆን ፍሬው ይኸው ነው።

ዘንድሮስ ምን ታስቧል? በቦሌ በኩል የሚገኝ የአንድ ሆቴል አዳራሽ ይከራይ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት ጓደኞቻችን ክፉ አስበው አይደለም፤ አራትና አምስት ዓመት የለፋ ተማሪ አንድ ቀን እንኳ በክብር ይስተናገድ ማለታቸው ነው። ይህን ምኞት እኛም እንጋራዋለን። ነገር ግን ሐሳቡ ከመጽደቁ በፊት አራት ነገሮችን እንዲመረምሩ እንለምናቸዋለን።

አንደኛው ዋጋው ነው። በሆቴል የሚነገረው ዋጋና በመጨረሻ የሚከፈለው ዋጋ አንድ አይደሉም። ለአንድ ሰው 1,000 ብር ተብሎ ሲነገር፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት 1,100 ብር ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 1,265 ብር ይደርሳል። የራስን መጠጥ ይዞ ለመግባት በየጠርሙሱ የሚያስከፍሉ አሉ። ከተባለው ቁጥር ያነሰ እንግዳ ቢመጣም ለተባለው ቁጥር ክፈሉ የሚሉ አሉ። የድምፅ መሣሪያውን፣ የወንበሩን ልብስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣውን ጄነሬተር ለየብቻ የሚያስቡም አሉ። ይህ ሁሉ በውል ተጽፎ ቢነገር ኖሮ በደል አይሆንም ነበር፤ በደል የሚሆነው በመጨረሻው ሌሊት ተመራቂው ካባውን እንደ ለበሰ መዋጮ ሲለምን ነው።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ግብዣው ሲያልቅ ታክሲ ያልቃል። መኪና ያለው ጓደኛ ያለው ይሄዳል፤ የሌለው ግን ከቦሌ እስከ ግቢያችን በሌሊት ምን ሊሆን ነው? የሴት ተማሪዎች ማደሪያ በር የሚዘጋበት ሰዓት የታወቀ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ እኅቶቻችን እራቱ ሳይቀርብ ተነሥተው ይወጣሉ፤ ወይም ከመጀመሪያውም ይቀራሉ። መዋጮውን ግን እኩል ከፍለዋል።

ሦስተኛው የእንግዳው ጉዳይ ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከወለጋ ልጃቸውን ሊያስመርቁ የሚመጡ አባቶችና እናቶች አሉ። የምረቃው ደስታ ከማንም በፊት የእነርሱ ነው። የመግቢያ ካርዱ ለአንድ ተማሪ አንድ ብቻ ሲሆን፣ በነጠላዋ ተሸፍና በሆቴሉ በር ላይ የቆመችውን እናት ዘበኛው «ካርድ አለዎት ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት ማየት ለማን ክብር ይሆናል? በምግብ ቤታችን ውስጥ ለዓመታት እንጀራ ያቀረቡልን፣ ሲያመን «ልጄ፣ ትንሽ ሾርባ ቅመስ» ያሉን እናቶችስ በየትኛው ካርድ ሊገቡ ነው?

አራተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው። በየዓመቱ መዋጮውን መክፈል ያልቻሉ ተማሪዎች በዚያ ቀን ይጠፋሉ። ማንም አላባረራቸውም። «ራሴን አሞኝ ነው»፣ «ዘመድ ቤት እሄዳለሁ» ይላሉ። እኛም እንደማናውቅ እንሆናለን። ከመካከላቸው በክፍላችን አንደኛ የወጣ ሰው እንዳለ የምናስታውሰው በማግስቱ ነው።

ይህ ዓይነቱ ጥያቄ በተማሪው ዘንድ አዲስ አይደለም። የስድስት ኪሎው ግቢ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. የትምህርት ቦታ ሆነ። በዚያ ግቢ በመጋቢት 1960 ዓ.ም. የልብስ ፋሽን ትርኢት ሊደረግ በታሰበ ጊዜ ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጥተው ነበር። ከተቃዋሚዎቹ አንዳንዶቹ በሴት ተማሪዎች ላይ ያደረሱትን ማዋከብ አናመሰግንም፤ እኩልነትን የሚሻ ሰው እኅቱን በማዋረድ አይጀምርም። የቀረው ጥያቄ ግን ዛሬም ይጠየቃል፤ በተማሪ ስም የሚደረግ በዓል የማንን ኑሮ ይመስላል? በዓሉ ወደ ሆቴል ሄደም በግቢ ቀረ፣ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ መሄድ የለበትም።

እንግዲህ ወዴት እንሂድ? መልሱን ለመፈለግ ሩቅ አልሄድንም። ከግቢያችን አጥር ወጥተን የሰፈሩን አዳራሾች ለማየት ሁለት ቅዳሜ ስንዞር ዋልን። ይህች ከተማ አዳራሽ ቸግሯት አያውቅም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎችን ካቋቋመ ወዲህ በየሰፈሩ የቀበሌ አዳራሽና የመዝናኛ ክበብ ተሠርቷል። ዛሬ አስተዳደሩ ወረዳ ቢባልም ሕዝቡ አዳራሹን «ቀበሌ» ማለቱን አልተወም። የጋራ መኖሪያ ቤቶች በተሠሩባቸው ሰፈሮች ደግሞ ለእርድ፣ ለድግስና ለለቅሶ ተብለው የታነጹ የጋራ ቤቶች አሉ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሕንፃው የጋራ ክፍል የቤት ባለቤቶቹ የጋራ ሀብት ነው፤ አንዳንዶቹ የጋራ ቤቶች ግን ለሱቅ ተከራይተው አይተናል። ለአነስተኛ የክፍል ግብዣ እነዚህ ቤቶች ይበቃሉ። ከሁሉ በላይ ልባችንን የሳበው ግን የአንድ እድር አዳራሽ ነው።

አዳራሹ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ሰፊ ቤት ነው። ደረጃ የለውም። በአንድ ጥግ አግዳሚ ወንበሮች እስከ ጣራው ተደርድረዋል፤ በመጋዘኑ ውስጥ ድንኳኑ ከነካስማው፣ የብረት ድስቱ፣ ሳህኑና ብርጭቆው በቁጥር ተመዝግቦ ተቀምጧል። የእድሩ ዳኛ በዕድሜ የገፉ፣ በጡረታ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በአጠገባቸው ተቀምጠው ተቀበሉን። ዋጋውን ሲነግሩን ሆቴሉ ከጠየቀው አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። ከዚያም ዳኛው መዝገቡን ገልጠው ደንቡን አነበቡልን፤ የተሰበረ ዕቃ ይተካል፤ ቤቱ ጠርጎ ይመለሳል፤ ሙዚቃ ከምሽቱ በአራት ሰዓት ይቆማል።

«ልጆቼ» አሉን በመጨረሻ፣ «አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብራችሁን አልቀበልም። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። በዚያ ቀን በሰፈራችን ሐዘን ከገባ ድንኳኑም አዳራሹም የለቀስተኛው ነው። እናንተን ለሌላ ቀን እናዛውራችኋለን፤ ካልተመቻችሁም ገንዘባችሁን እንመልሳለን። ይህን እወቁትና አስቡበት።»

ከመካከላችን አንዱ «አባባ፣ ሌላ ሰው የበለጠ ከፍሎ ቢመጣስ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ጥያቄው አልገባቸውም ነበር። ሲገባቸው ሳቁና «እንዴት ይሆናል? ለእናንተ ሰጥተናላ» አሉት።

ከዚያ ስንመለስ በመንገድ ላይ ብዙ አልተነጋገርንም። ያ ባለ አዳራሽ ለገንዘብ ሲል ቃሉን አጠፈ፤ አስቀድሞም አልነገረንም። እድሩ ግን ቃሉን የሚያዛውርበት ምክንያት ቢኖር የጎረቤት ሞት ብቻ መሆኑን ቀብዱን ሳይቀበል ነገረን። ከሁለቱ አከራዮች የትኛው ዘመናዊ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ስለ ኪራዩም ገንዘብ እናስብ። ለሆቴል የምንከፍለው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ አናውቅም። ለእድሩ የምንከፍለው ግን ሰው ለሞተበት ቤት ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንችስ ብዙ ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሩቅ ሰፈሮች ሲሄዱ፣ አብሯቸው የተነሣው ቤታቸው ብቻ አልነበረም። አንድ እድር የነበሩ ሰዎች በከተማው አራት ማዕዘን ተበተኑ። ጥሩምባ ቢነፋ የማይሰማበት ቦታ የገባ አባል በስልክ ተጠርቶ በሁለት ታክሲ ለቅሶ ይደርሳል። በየመንገዱ ዳር የተነጠፈው አዲሱ ድንጋይም የድንኳን ካስማ አይቀበልም። እንዲህ ባለ ጊዜ ጣራ ያለው፣ ግቢ ያለው፣ በሩ ለሰፈሩ የተከፈተ አዳራሽ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያውቀው ያጣው ሰው ነው። እንደዚህ ያለውን አዳራሽ እየተከራዩ ማቆየት ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ለሰፈሩ ይጠቅማል።

የሚነሡብንን ተቃውሞዎች እናውቃቸዋለን። «ሐምሌ ነው፤ ዝናብ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የእድሩ ድንኳን በየክረምቱ ለቀስተኛ አስጠልሎ ያውቃል፤ እኛንም አያሳፍረንም። «ሽንት ቤቱ አንድ ነው፤ ጄነሬተርም የለውም» ይባላል። ይህም እውነት ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ሌሊት ጄነሬተር መከራየትና ከግቢያችን መጸዳጃ ቤት ጋር መስማማት ያስፈልጋል፤ የግቢያችን በር ከዚያ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። «ለፎቶግራፍ አያምርም» ይባላል። በዚህ ላይ የምንመልሰው የለንም፤ እያንዳንዱ ሰው ፎቶግራፉን ለማን ሊያሳይ እንደሚፈልግ ራሱን ይጠይቅ።

አንድ ተቃውሞ ግን በቁም ነገር እንቀበላለን። በሰፈር መካከል የሚደረግ ግብዣ ጎረቤትን ይረብሻል። የታመመ አለ፤ ሕፃን አለ፤ ማለዳ ለሥራ የሚነሣ አለ። ተማሪ ሲጠጣ ምን እንደሚያደርግ ሰፈሩ ከእኛ ይልቅ ያውቃል። ስለዚህ በአራት ሰዓት ሙዚቃው ይቁም ሲባል በአራት ሰዓት መቆም አለበት። ይህን የማንችል ከሆነ እድሩን ከማስቸገር ከመጀመሪያውም መቅረት ይሻላል።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ የትም ይሁን የት፣ አዳራሽ ያለ ጽሑፍ ውል አይያዝ። በውሉ ላይ ቀኑ፣ የመግቢያና የመውጫው ሰዓት፣ የወንበሩ ቁጥር፣ አገልግሎትና ታክስ ተጨምሮበት በመጨረሻ የሚከፈለው ዋጋ፣ የቀብዱ መጠን፣ ውሉ ቢፈርስ የሚሆነው ነገር ተለይቶ ይጻፍ። ከመፈረሙ በፊት ሁለት የሕግ ተማሪዎች ያንብቡት። ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ ይያዝ።

ሁለተኛ፣ የገቢውና የወጪው ሒሳብ ከግብዣው በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ኮሚቴውን ስለማናምነው አይደለም፤ ያመነውን ሰው ከሐሜት ለመጠበቅ ነው።

ሦስተኛ፣ መዋጮው እንደ ዐቅም ይሁን። የቻለ ይጨምር፤ ያልቻለ ባዶ ፖስታ ይስጥ። የማን ፖስታ ምን እንደያዘ አይጻፍ፤ የመግቢያ ካርዱም ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን።

አራተኛ፣ ተሽከርካሪ ወንበር በራሱ የማይገባበት አዳራሽ ከዝርዝሩ ይሰረዝ። ዓይነ ስውራን ጓደኞቻችንም ቦታውን አስቀድመው ጎብኝተው እንዲለምዱት ይደረግ።

አምስተኛ፣ ማዕዱ ሁሉንም ያስተናግድ። የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ምግብ ከእርዱ ጀምሮ በየራሱ ዕቃ ይሰናዳ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ስለ ሆነ ግብዣው ከዚያ በፊት ቢውል፣ ወይም ረቡዕና ዓርብ ላይ ቢያርፍ፣ የጾም ምግብ እንደ ተረፈ ነገር ሳይሆን በመጀመሪያ ይታሰብበት።

ስድስተኛ፣ የእድሩ አዳራሽ ከተመረጠ፣ በማግስቱ ጠዋት የሚጠርጉ ሠላሳ ሰዎች ከአሁኑ ይመዝገቡ። የመዝገቡን የመጀመሪያ መስመር የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ይዘነዋል። የእድሩ ጸሐፊ ስንወጣ ተከትለው በሰፈሩ ውስጥ ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች መኖራቸውን ነግረውናል፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠና እንደሚፈልጉም አልደበቁንም። ከኪራዩ ሌላ ይህን ማድረግ ብንችል ከሰፈሩ ጋር የምንተዋወቀው በጩኸታችን ብቻ አይሆንም።

ሆቴል የሚባል ነገር አይታይ፣ ተማሪ አይዝፈን፣ አይደነስ አላልንም። አራት ዓመት ሙሉ መብራት እየጠፋ በሻማ ያጠና ሰው ሊደሰት ይገባዋል። የምንለው ሁላችንም የምንገባበት በር ይፈለግ ነው።

ጠቅላላ ጉባኤው የሚሰበሰበው በሚመጣው ቅዳሜ ነው። የእድሩ ዳኛ ቀኑን እስከ ሰኞ ብቻ ሊይዙልን ተስማምተዋል። አዳራሹን ያላያችሁ ከዚያ በፊት ሄዳችሁ እዩት፤ ሽማግሌው ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ በበሩ ላይ ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ እጃችሁን ወደ ወደዳችሁበት አውጡ።